«ትንሽ ጭስ ማንንም አልገደለም» ላለው ሰው

ፌቨን፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው የጻፈውን ሳነብ ደሜ ፈላ። ወሬው መንግሥታት አሮጌ መኪና ከከተማ ስለማስወጣታቸው ነበር። እሱ ምን አለ? «ይሄ ሁሉ ለሀብታም ሳንባ ሲባል ድሃን መግፋት ነው። ትንሽ ጭስ ማንንም አልገደለም።» ብዙ ሰው ደግሞ ላይክ አድርጎለታል። የዓለም ጤና ድርጅት በተበከለ አየር ሳቢያ በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለ ዕድሜው ይሞታል ይላል። እነዚህ ሰዎች ታዲያ በምን ሞቱ?

ነጂው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ንገሪኝ። 7 ሚሊዮኑን አልካድኩም። ግን ግማሽ ያህሉ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር የተያያዘ ነው። ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበት። መኪና አይደለም። መንግሥት ግን የትም አገር ቀድሞ የሚደርሰው ሾፌሩ ጋ ነው። ለምን? ሾፌር ታርጋ አለው፣ በቀላሉ ይገኛል።

ማቲ፦ ቆይ፣ ከዚያች ዓረፍተ ነገር አትሽሽ። «ትንሽ» ያልከው ስንቱን ነው? ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ የፀጉርን ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ያህል ነው። በዓይን አይታይም። ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል፣ ከዚያ አልፎ ደም ውስጥ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመት አማካይ ያስቀመጠው ጣሪያ በሜትር ኩብ 10 ማይክሮግራም ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 5 አወረደው። ከ10 በታችም ሰው እንደሚጎዳ ጥናቶች ስላሳዩ ነው።

ነጂው፦ ያው ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶው ከዚህ ልክ በላይ የተበከለ አየር ይተነፍሳል ይላል። ሁሉም የሚወድቅበት ፈተና ምን ዓይነት ፈተና ነው?

ማቲ፦ ቁጥሩ ሰውነት የሚችለውን ነው የሚናገረው። መንግሥት የሚችለውን አይደለም። ለመንግሥታት መሸጋገሪያ ደረጃ ተቀምጦላቸዋል፤ 35፣ 25፣ 15፣ 10። በአንድ ሌሊት 5 ግቡ ያለ የለም።

ሲስተር ሀ.፦ እኔ የልጆች ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ቁጥሩ እናንተ ተከራከሩ። አስም የተነሳበት ልጅ ሲመጣልን መጀመሪያ የማየው ደረቱን ነው። በተነፈሰ ቁጥር በጎድን አጥንቶቹ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የአፍንጫው ክንፍ ይርገበገባል። አንድ ቃል ተናግሮ ለማረፍ ይቆማል። መድኃኒቱን እንደ ጭጋግ አድርጎ የሚያስተነፍሰውን ኔቡላይዘር ስናደርግለት እናትየው ጭምብሉን በእጇ ይዛ የኔን ፊት ነው የምታየው። ለንደን ውስጥ ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው መኪና የሚበዛበት አውራ መንገድ አጠገብ ነው። በአስም ስትሰቃይ ቆይታ በ2013 ሞተች። በ2020 የሞት ምክንያት የሚያጣራው ዳኛ የአየር ብክለትን ከሞቷ ምክንያቶች አንዱ ብሎ አሰፈረ። እናቷ ለዚያች መስመር ዓመታት ታግላለች። «ማንንም አልገደለም» የሚለውን ለሷ ንገራት።

ነጂው፦ ሲስተር፣ እኔም አባት ነኝ። ጭስ ጥሩ ነው አልወጣኝም። ጭሱን ከሁሉ በፊት የምንበላው እኛ ነን፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው መንገድ ላይ ነን። የኔ ጥያቄ ወጪውን ማን ይሸፍናል ነው። አሮጌ የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ የሚተፋው ዝም ብሎ አይደለም። የነዳጅ ፖምፓው ከልኩ ወጥቶ ይሆናል። ነዳጁን የሚረጨው ኖዝል ያንጠባጥባል። የአየር ፊልትሮው ተደፍኖ ሞተሩ አየር ያጥረዋል፣ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ይወጣል። ይሄ በጥገና ይስተካከላል። ጥገናውን እናግዛችሁ ያለን የለም። «ውጡ» ነው የሚሉን።

ኤርሚ፦ ነጂው ትክክል ነው። ክልከላ አይሠራም። ሜክሲኮ ሲቲ በ1989 መኪኖች እንደ ታርጋቸው የመጨረሻ ቁጥር በሳምንት አንድ ቀን እንዳይወጡ ከለከለች። ሕዝቡ ምን አደረገ? አቅም ያለው ሌላ ታርጋ ያለው ሁለተኛ መኪና ገዛ። አብዛኛው አሮጌ ነበር። በኋላ የተጠና ጥናት አየሩ ላይ መሻሻል አጣ።

ፌቨን፦ ኤርሚ፣ አንተ መንግሥት የሚል ቃል ካየህ ተቃዋሚ ነህ። ክልከላ አይሠራም? እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቤንዚንስ? ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲጨመር ኖሮ የልጆችን አእምሮ ሲጎዳ ከረመ። ኩባንያዎቹ «ምንም አያደርግም» ሲሉ ስንት አሥርት ዓመት አለፈ። ያቆሙት በፈቃዳቸው ነው? መንግሥታት አንድ በአንድ ከለከሉ። በ2021 አልጄሪያ ስታቆም ለመኪና የሚሸጥ እንዲህ ያለ ቤንዚን ከዓለም ጠፋ። ይሄ ክልከላ ነው። ሠርቷል።

ኤርሚ፦ እሱ ሌላ ነው። ያለ እርሳስ የተሠራ ቤንዚን እዚያው ማደያ ይቀዳል። ሾፌሩ መኪናውን አልተነጠቀም።

ፌቨን፦ እና «አይሠራም» አልክ እንጂ «አማራጭ ሲኖር ይሠራል» አላልክም። ንግግርህን አትቀያይር።

ጋሽ ደሬ፦ ልጆች፣ እየተጯጯሃችሁ ነው። የለንደኑን የ1952 ጉም ታሪክ ከዚህ በፊት አንስቼዋለሁ፤ ነገሩ እዚያ ውስጥ ስላለ ደግሜ አነሳዋለሁ። ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 በፈረንጆቹ ነው። ብርድ ነበር፣ ቤቱ ሁሉ ከሰል ያነዳል። ንፋሱ ጸጥ አለ፣ ጭሱ መሬት ላይ ተኛ። አውቶቡስን በእግሩ እየሄደ ባትሪ የሚያበራ ሰው ይመራው ነበር። መጀመሪያ 4,000 ያህል ሞት ተቆጠረ። በኋላ የወጡ ጥናቶች እስከ 12,000 አደረሱት። መንግሥት መጀመሪያ ኢንፍሉዌንዛ ላይ አላከከ። ሕጉ የወጣው በ1956 ነው። ያ ሕግ ግን ከልክሎ ዞር አላለም። ጭስ በተከለከለበት ሰፈር ምድጃውን ለሚቀይር ባለቤት ከወጪው ከአሥሩ ሰባቱ እጅ ይመለስለት ነበር። ይቺን ያዙልኝ።

ነጂው፦ ይኸው! ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት። እኔ የምለው ይሄንኑ ነው።

ፌቨን፦ አንተ የምትለው ይሄን አይደለም! ትናንት «ይደጉሙን» አላልክም። «ማንንም አልገደለም» ነው ያልከው። ጋሽ ደሬ የነገሩህ 12,000 ሰው የገደለ ጭስ ነው።

ነጂው፦ ያ የከሰል ጭስ ነው። «ትንሽ» አልኩ እንጂ «የለንደን ጉም» አልኩ?

ማቲ፦ የለንደን ሰዎችም በየቤታቸው ያነደዱት ትንሽ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ምድጃ ትንሽ ነበር።

ሲስተር ሀ.፦ «የሀብታም ሳንባ» ያልከውስ? እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ሀብታም መስኮቱን ይዘጋል፣ ማጣሪያ ያበራል፣ ከመንገድ ርቆ ይኖራል። አውራ ጎዳና ዳር የሚያድረው ማነው? ፋብሪካ ጀርባ የሚከራየው ማነው? እንጨት ጭስ ውስጥ ጨቅላ አዝላ የምታበስለው ማናት? ይሄ የድሃ ሳንባ ነው። አየር ሲጸዳ መጀመሪያ የሚተነፍሰው ድሃ ነው።

ነጂው፦ ድሃውን የሚከለክሉት ደግሞ በድሃው ስም ነው። መኪናዬን ብትወስዱ ልጄን የማሳክምበት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ንጹሕ አየር እየተነፈሰ ይራብ?

ማቲ፦ ማንም ይራብ አላለም። ቤጂንግን እይ። በ2013 የፒኤም 2.5 የዓመቱ አማካይ 90 ማይክሮግራም ገደማ ነበር። በ2021 33 ደረሰ። በ8 ዓመት! ከሰል ቀነሱ፣ ፋብሪካ አስተካከሉ፣ አሮጌ መኪና አስወጡ። ከተማዋም አልሞተችም።

ኤርሚ፦ ቀሪውንም ተናገር እንጂ። በ2017 ክረምት በሰሜን ቻይና የከሰል ማሞቂያ ከለከሉ። በምትኩ የታሰበው ጋዝ በጊዜው ያልደረሰባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሄቤይ ውስጥ ተማሪዎች ክፍሉ ስለበረዳቸው ግቢ ወጥተው ፀሐይ ላይ ሲማሩ ታዩ። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ጋዝ ያልደረሰበት ቦታ ከሰል ማንደድ ይቀጥል ያለው። ይሄ ለሕዝብ ጤና ተብሎ የተደረገ ነው።

ፌቨን፦ ስህተት ስለተሠራ ሁሉም ይቅር?

ኤርሚ፦ ስህተቱ የቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ አማራጭ፣ ከዚያ ክልከላ።

ጋሽ ደሬ፦ ኤርሚ እዚህ ላይ ልክ ነው። ግን «መጀመሪያ አማራጭ» የሚለውን ሰበብ አድርጎ ሃያ ዓመት የሚቀመጥ መንግሥትም ብዙ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ካልተቆረጠ አማራጩን ለመሥራት የሚጣደፍ አይኖርም። ሁለቱ አብረው ይሂዱ።

ነጂው፦ ጋሼ፣ ምርመራውንስ ማን ያምናል? እኔን መንገድ ዳር አስቁመው ጭስ ይለኩኛል። የጀርመኑ መኪና አምራች ቮልስዋገን በ2015 ተያዘ። 11 ሚሊዮን ገደማ የናፍጣ መኪና ላይ ማታለያ ሶፍትዌር ነበር። ምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ይቀንሳል፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ይለቀዋል። ትልቁ ሲያታልል ዓመታት አለፉ፤ እኔ ግን በአንድ ቀን እቀጣለሁ።

ማቲ፦ እሱን ያጋለጠውም መለካት ነው። የአሜሪካው ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መኪናውን መንገድ ላይ እየነዱ ለኩት፣ ቁጥሩ አልገጥም አለ። ከዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተከታተለው፣ ኩባንያው ቢሊዮኖች ከፈለ። ይሄ የሚያሳየው ልኬት መቅረት እንዳለበት ሳይሆን ትልቁም ላይ መድረስ እንዳለበት ነው።

ነጂው፦ እሺ አንተ የምታውቅ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በአሮጌ ናፍጣ መኪና ላይ የጭስ ማጣሪያ መግጠም ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ማቲ፦ በአንዳንዱ ይቻላል። ችግሩ ናፍጣው ነው። ድኝ ከበዛበት ማጣሪያው ቶሎ ይበላሻል። ንጹሕ ናፍጣ ሳይኖር ጥሩ ማጣሪያ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ነጂው፦ ናፍጣውን የሚያስገባው ማነው? እኔ ነኝ? ማደያ የቀዳልኝን ነው የምነዳው። ነዳጁን ሳያጸዱ ነው ወደኔ የሚመጡት!

ፌቨን፦ ወደ ነዳጅ አስመጪውም ይሂዱ፣ ወደ አንተም ይምጡ።

ነጂው፦ መጀመሪያ ወደ እሱ።

ሲስተር ሀ.፦ አንድ ላይ! ልጆቹ ተራችሁን አይጠብቁም።

ኤርሚ፦ ሲስተር፣ ሁሉም «አንድ ላይ» ይላል። ስትጀምሩ ግን ታርጋ ያለው ጋ ነው የምትጀምሩት።