ክርክር፦ ተማሪዎች ስለ ጾታና ሥርዓተ ጾታ በክፍል ይማሩ ወይስ ይቅር?

መምህር፣ ማራኪ፦
በወላጆች ስብሰባ ላይ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ስለ ሰውነታቸው በግልጽ ይማሩ ብዬ ነበር። ግማሹ ወላጅ ተቆጣ። እዚህ እንነጋገርበት። ጾታ የሰውነት ጉዳይ ነው፤ ክሮሞዞም፣ ሆርሞን፣ የመራቢያ አካል። ሥርዓተ ጾታ ማኅበረሰቡ «ይህ የወንድ፣ ያ የሴት» ብሎ ያከፋፈለው ነው። ወሲባዊ ዝንባሌ ደግሞ ሰው በማን እንደሚሳብ ነው። ሦስቱ ተደበላልቀው ነው የሚያጣሉን።

የሴት ልጆች አባት፣ አዘዞ፦
መምህር፣ አክብሬዎት ልቃወም። እግዚአብሔር ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠረን፤ በቃ። ዛሬ ሥርዓተ ጾታ ይባላል፣ ነገ ግብረ ሰዶም ይከተላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የከለከለውን ትምህርት ቤት ምን አገባው? ቤትን የሚመራው ወንድ ነው። እኛ ይህ ሁሉ ሳይነገረን አድገናል። ይሉኝታው ጠብቆናል።

መምህር፣ ማራኪ፦
ጋሼ፣ ሕጉን የካደ የለም። ሕጉ የከለከለው ድርጊትን ነው፤ ልጅ እንዳያውቅ አላለም። ሥርዓተ ጾታንም ከዚያ ጋር አያያይዙት። በእኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው። አንዲት ልጅ መወርወሪያ ይዛ ብትቀመጥ ቅዳሜ ገበያ ሙሉ ያወራባታል። በአሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ ዘንድ ግን ሸማኔዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። መፀነስና መውለድ እዚህም እዚያም የሴት አካል ሥራ ነው። ሽመናው ግን እንደየአገሩ ልማድ ይለያያል። ልጆቹ ይህን ለይተው ይወቁ ነው የምለው።

የፒያሳ ልጅ፦
የእቴጌ ምንትዋብ ከተማ፣ የጎንደር ልጆች ሆነን «የሚመራው ወንድ ነው» እንላለን?

የሴት ልጆች አባት፣ አዘዞ፦
እቴጌይቱ የገዙት በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም ነው።

የፒያሳ ልጅ፦
ይሁን። ግን በ1730 እ.ኤ.አ. ዘውድ ደፍተዋል። የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

አዋላጅ ነርስ፣ አራዳ፦
ጋሼ፣ «ይሉኝታው ጠብቆናል» ያሉት አልተዋጠልኝም። የሰውነት ክፍሏን ስም የማታውቅ ልጅ ማን የት እንደነካት እንዴት ትናገር? ይሉኝታው የጠበቀው ነኪውን ነው።

ስለ አፈጣጠርም ልጨምር። አንዳንድ ሕፃን ሲወለድ ወንድ ይሁን ሴት በዓይን አይለይም። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ግን አለ። ቤተሰብ እርግማን መስሎት ይደብቀዋል። መደበቁ ሊገድል ይችላል። አንዱ መንስኤ በዘር የሚወረስ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ችግር ነው። የሴት ክሮሞዞም ያላት ሕፃን ወንድ ልትመስል ትችላለች። ሰውነቷ ጨው መያዝ ሲያቅተው ታስታውካለች፣ ውኃ ያልቅባታል፣ ካልታከመች በሳምንታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። መድኃኒት አለው እኮ! እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ከተወለደ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ስም ማውጣቱ ይደርሳል።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦
ሲስተር፣ እውነት ነው። አንዷ ጓደኛችን የወር አበባዋ ክፍል ውስጥ መጣባት። ወንዶቹ ሳቁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀረች። ማንም አላስተማራቸውም። ወንድሜን ደግሞ ወጥ ስለሚሠራ ሰፈር ውስጥ «ሴታ ሴት» ይሉታል። እቤት የሚያግዘኝ እሱ ብቻ ነው።

መምህር፣ ማራኪ፦
አየሽ እህቴ፣ ወጥ መሥራቱ ጾታውንም በማን እንደሚሳብም አይናገርም። ዝንባሌን በተመለከተ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ መሳሳብን በ1990 እ.ኤ.አ. ከበሽታ ዝርዝሩ አውጥቶታል። ይህ የሕክምና እውቀት ነው። ተማሪ ሲጠይቀኝ በዱላ ልመልስለት?

የሴት ልጆች አባት፣ አዘዞ፦
ዱላ አላልሁም። ልጅ አይመታም። ጄኔቫ ያለው ድርጅት ያወጣው ዝርዝር ግን እምነቴን አይለውጠውም። የሲስተር ነገር ግን ገብቶኛል። የሰውነት ክፍል፣ የወር አበባ፣ ጋብቻ ከ18 ዓመት በፊት እንደማይፈቀድ፤ ይህን ልጆቼ ይማሩት። ወንዶቹም አብረው ይቀመጡ። የዝንባሌው ምዕራፍ ይውጣ። ቀሪውንም ከመጀመሩ በፊት ላንብበው።

አዋላጅ ነርስ፣ አራዳ፦
ማንበቡ መብትዎ ነው ጋሼ። እኔም አብሬ አነባለሁ።

መምህር፣ ማራኪ፦
የትምህርቱን ረቂቅ ሰኞ ለወላጅ ኮሚቴው እሰጣለሁ። ያን ምዕራፍ ግን አላወጣውም፤ እኛ ዝም ብንል ልጆቹ ከስልካቸው ያገኙታል፣ ያውም ከስድብ ጋር። ጋሼ፣ እሱን ኮሚቴው ፊት እንከራከርበታለን።

የሴት ልጆች አባት፣ አዘዞ፦
እመጣለሁ። ባለቤቴም ትመጣለች።