ለአሮጌ ዲቲ 125 ጎማ ልገዛ ነው፤ ሰፊው ይሻላል ወይስ የድሮው ልክ?

የከብት ሐኪም (አሰላ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ያማሃ ዲቲ 125 አለችኝ። ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ የገዛኋት ናት፣ ስድስት ዓመት ነዳኋት። ሞተሯ ደህና ነው፣ ችግሬ ጎማ ነው። የኋላው ተልጧል፣ መሃሉ ላይ ጥርስ የሚባል ነገር አልቀረውም። የፊተኛው ጥርስ አለው፣ ግን ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ጀምሮታል።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ከአሰላ ተነስቼ የገጠር ቀበሌዎችን እዞራለሁ። መጀመሪያ አስፋልት ነው፣ ከዚያ ፒስታ፣ ከዚያ መረሬ መሬት። ክረምት ላይ መረሬው ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ፓራፋንጎ ሥር ሲገባ ጎማው መዞር ሁሉ ያቆማል፣ ያየ ያውቀዋል። ኋላ ላይ የክትባት ሳጥን እጭናለሁ፣ አንዳንዴም ሰው። ባለፈው ሳምንት ከሳጉሬ ስመለስ ካፊያ ነበር። አስፋልቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ኋላዋ ወደ ጎን ሄደችብኝ። አልወደቅኩም፣ ተመስገን። ግን የዚያን ዕለት ቤት ስገባ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ያሉት ጎማዎች ላይ የተጻፈው ፊት 2.75-21፣ ኋላ 4.10-18 ነው (የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ፣ በኢንች)። ሱቅ ሄጄ ጠየቅኩ። ሻጩ 4.10 የለኝም፣ 4.60-18 ውሰድ፣ ሰፊ ስለሆነ ጭቃ ላይ ይይዝልሃል፣ ዋጋውም ያው ነው አለኝ። ጥርሱ አውራ ጣት ያህላል። ለፊት ደግሞ 2.75-21 አለው። ጎኑ ላይ 3517 የሚል ቁጥር አሳየኝና የ2017 ምርት ነው፣ ዓምና የተመረተ ነው አለኝ። ሲያዩት ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል።

ሰፊውን ልውሰድ ወይስ ልኩን ልፈልግ? ፊተኛውንስ አሁን ልቀይር ወይስ የኋላውን ብቻ ቀይሬ እስከ ክረምት ልቆይ? ጓደኛዬ ደግሞ ከመነዳሪ (ንፋስ የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) የማይፈልገውን ዓይነት ግዛና ከመበሳት ተገላገል ይለኛል። የሚያውቅ ይንገረኝ።

ባለ ኤክስኤል (ቢሾፍቱ)

ሰፊውን ውሰደው ወንድሜ። እኔ ሆንዳ ኤክስኤል ላይ በልኩ ከነበረው ሰፋ ያለ አድርጌ ሁለት ዓመት ነዳሁ፣ ምንም አልሆነም። ቁመናዋም አምሮላታል። ለፊተኛው አትቸኩል፣ ጥርስ ካለው ይሠራል። የሚያልቀው ሁልጊዜ የኋላው ነው፣ ገንዘብህን እዚያ ላይ አውል።

ጎሚስታ ነኝ (ሻሸመኔ)

ልጄ፣ መጀመሪያ ስለዚያ ቁጥር ልንገርህ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

3517 የሚለው ጎማው የተመረተበት ቀን ነው። የፊተኞቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 35ኛው ሳምንት፣ የ17 ዓመት። ግን 17 የፈረንጅ 2017 ነው እንጂ የእኛ 2017 አይደለም! የፈረንጅ 2017 35ኛው ሳምንት በእኛ ነሐሴ 2009 መጨረሻ ላይ ይውላል። ያ ጎማ ስምንት ዓመት አልፎታል። ሻጩ አውቆ አታለለህ አልልም፣ ብዙ ሰው በቅንነት እንደዚያ ነው የሚያነበው። እኔ ጋ ራሱ ስንት ሰው በደስታ አዲስ ጎማ ገዛሁ ብሎ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ይዞ መጥቷል። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ፀሐይ በሚመታው ሱቅ በር ላይ ተንጠልጥሎ ከከረመ ደግሞ የባሰ ነው። ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ አይይዝም። ማብረቅረቁን አትመነው፣ ቅባት ሲቀቡት ማንኛውም ጎማ ያበራል። በጥፍርህ ጫን በለው። አዲስ ላስቲክ ትንሽ ገባ ብሎ ይመለሳል፣ የደረቀው እንደ እንጨት ይቆማል። ጎኑን አጠፍ ስታደርገው ስንጥቅ ካየህ ትተኸው ውጣ።

ባለ ኤክስኤል ወንድሜ፣ ፊተኛው ይቆይ ያልከው ላይ አልስማማም። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ስለዚህ የሚያቆምህም የሚያዞርህም የፊት ጎማ ነው። ኋላው ቢንሸራተት የከብት ሐኪሙ እንዳደረገው ልታድነው ትችላለህ። ፊቱ ከሄደ ግን መሬት ላይ ነህ፣ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ጎኑ የተሰነጠቀ የፊት ጎማ ጥርስ ኖረው አልኖረው ተቀያሪ ነው። ልጄ፣ ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ ከበቃ አንድ ወር ጠብቀህ ሁለቱንም ግዛ። እስከዚያ ዝናብ ሲመጣ አቁም።

ኮማንደሯ (ደብረ ብርሃን)

እኔ የምነዳው ያማሃ ኤጂ 100 ነው፣ ለጤና ሥራ። ልኩ ካንተ ይለያል፣ መንገዱ ግን አንድ ነው፣ የእኛም አገር መረሬ ነው።

ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ ይይዛል የሚባለው በመረሬ አይሠራም። መረሬ ሲርስ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። የሚያስቸግርህ ጎማው መሬቱን አለመያዙ ብቻ አይደለም፣ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል መታጨቁ ነው፣ አንተም ጽፈኸዋል። እዚያ መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ ጎማው በሰፋ ቁጥር ይጠባል። ቀጭኑ ጭቃውን ሰንጥቆ ከታች ያለውን ደረቅ መሬት ያገኛል። ሰፊው ከላይ ይዋኛል።

ሌላም አለ። 4.60 ከ4.10 በቁመትም ይበልጣል። ያ ማለት ማርሽህን እንዳከበድክ ነው። ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ናት፣ ዝቅ ባለ ዙር ጉልበቷ ትንሽ ነው። ሰውና ሳጥን ጭነህ ዳገት ላይ ልዩነቱ ይሰማሃል። ካቴናው ከጎማው ጎን ምን ያህል እንደሚርቅም እይ። ጎማ ሲሽከረከር ትንሽ ይሰፋል፣ ካቴናም ሲላላ ይወዛወዛል። ቸርኬህ የተሠራው ለ4.10 ነው፣ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ስታስገባ ጎኑ ይጨመቃል፣ አናቱ ይሾላል፣ አስፋልት የሚነካው ከጠበቅከው ያነሰ ይሆናል።

ስለ ጥርሱ ደግሞ፣ አውራ ጣት የሚያህል ጥርስ ገበሬ ማሳ ውስጥ ለሚውል ሰው ነው። አንተ በየቀኑ አስፋልት ትነካለህ። እርጥብ አስፋልት ላይ በእነዚያ ጉጦች ጫፍ ብቻ ነው የምትቆመው፣ ደግሞ ይታጠፋሉ። ቶሎም ያልቃሉ። ጥርሱ መካከለኛ የሆነ፣ ጉጦቹ እርስ በርስ የተጠጋጉ ግን ጭቃ የሚያስወጣ ቦይ ያላቸው፣ ያ ነው የሚበጅህ። መረሬ ላይ የትኛውም ጎማ ተአምር አይሠራም፣ ወርደህ በእንጨት መጥረግህ አይቀርም። አስፋልት ላይ ግን ጎማው ሕይወትህ ነው።

4.10-18 ስትፈልግ ለዲቲ ብለህ አትጠይቅ። ሱቆቹ የያዙት በብዛት ለቦክሰር የሚሆን ባለ 17 ኢንች ነው፣ ለዲቲ ስትል የለም ይሉሃል። ከቻይና የሚገቡት ረጃጅሞቹ 200 ሲሲ የገጠር ሞተሮች ብዙዎቹ ፊት 2.75-21፣ ኋላ 4.10-18 ናቸው። የእነሱን ጠይቅ። 110/80-18 የሚል ብታገኝም ለ4.10-18 በጣም ቅርብ ነው፣ ለፊት ደግሞ 80/90-21። ያም ሆኖ ከመግዛትህ በፊት ለክተህ እይ።

ባለ ኤክስኤል (ቢሾፍቱ)

የጻፋችሁትን አንብቤ ወጥቼ ሞተሬን አየሁ። በካቴናው በኩል ጎማው ጎን ላይ ዙሪያውን የተፋቀ መስመር አለ፣ እስከ ዛሬ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። የከብት ሐኪም፣ ያልኩህን ተወው። እኔም ልቀይር ነው። ኮማንደሯ፣ እህቴ፣ አመሰግናለሁ።

የከብት ሐኪም (አሰላ)

ተባረኩ ሁላችሁም። ያ 17 የፈረንጅ ነው የሚለው ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር። ጋሼ፣ የከመነዳሪውን ነገር አልነገሩኝም። ደግሞ ከቁጥሮቹ ቀጥሎ 59P፣ ፊት ላይ 45P የሚል አለ። እሱስ ምንድን ነው?

ጎሚስታ ነኝ (ሻሸመኔ)

ያንተ ቸርኬ ባለ ሽቦ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ቸርኬውን በስቶ ነው የገባው፣ በዚያ ቀዳዳ ሁሉ ንፋስ ይወጣል። ስለዚህ ከመነዳሪ ግድ ነው። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው ዓይነት ለድፍን ቸርኬ ነው። ጓደኛህ ድፍን ቸርኬ ያለው ሞተር ይዞ ከሆነ ለራሱ ልክ ነው፣ ላንተ አይሆንም።

59 የጭነት ቁጥር ነው፣ 243 ኪሎ ማለት ነው። 45 ደግሞ 165 ኪሎ። ፒው የፍጥነት ነው፣ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ አንተ እዚያ አትደርስም፣ እሱ አያስጨንቅህ። የጭነቱን ግን ያዘው። ሰውና ሳጥን የምትጭን ሰው ከ59 በታች የሆነ የኋላ ጎማ እንዳትገዛ። ልኩ አንድ ሆኖ የጭነት ቁጥሩ የሚያንስ አለ።

ጎማ ስትቀይር ከመነዳሪውንም ቀይር። አሮጌው ተለጥጧል፣ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፣ በታጠፈበት በኩል ይበላና አንድ ቀን መንገድ ላይ ያስቀምጥሃል። አሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቸርኬውን አስከፍተህ ውስጡን እይ። የሽቦዎቹ ራስ ዝጎ ይሾላል፣ ከመነዳሪውን የሚበሳው ብዙ ጊዜ እሾህ ሳይሆን እሱ ነው። በሸካራ ወረቀት ይፋቅ፣ ሽቦዎቹን የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶም ይቀየር። ውስጡ ላይ ፓውደር ይነስነስ። ጎማው እንዲገባ የሳሙና ውኃ ይበቃል፣ ዘይትና ናፍጣ የሚቀባ ካለ አስቁመው፣ ላስቲክ ይበላል። ጎኑ ላይ ቀስት ካለው ቀስቱ ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይሁን። ቢጫ ነጥብ ካለው ነጥቡ ከቫልቩ አጠገብ ይዋል፣ ቀላሉ ጎን እሱ ነው። የቫልቩን ቡሎን ቸርኬው ላይ አታጥብቀው። ከመነዳሪው ከዞረ ቫልቩ ይጋደማል፣ አይተህ ታስተካክላለህ። ከጠበቀ ግን ሳታየው ከሥሩ ይቆረጣል።

የከብት ሐኪም (አሰላ)

አዳማ ወርጄ አገኘሁ! ኮማንደሯ እንዳለችው የቻይናዎቹን 200 ብዬ ጠየቅኩ። ኋላ 4.10-18፣ 59P፣ ጥርሱ መካከለኛ። ፊት 2.75-21። ሁለቱም 0925። የፈረንጅ 2025 ዘጠነኛው ሳምንት፣ በእኛ የካቲት 2017፣ ቆጥሬ ነው የገዛሁት። ከመነዳሪም ሁለት። ቸርኬው ሲከፈት ሦስት ቦታ የሽቦ ራስ ሾሎ ነበር፣ ካሁን በፊት ለስንት ጊዜ እሾህ ነው እያልኩ ስለጥፍ እንደኖርኩ አሁን ገባኝ። ነገ ጠዋት ወደ ገጠር እወጣለሁ።

ጎሚስታ ነኝ (ሻሸመኔ)

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ነገ ግን ቀስ በል። አዲስ ጎማ ላዩ ያንሸራትታል፣ መጀመሪያ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር እስክትነዳ ድረስ ጠርዝ ላይ አታጋድማት፣ ፍሬንም በድንገት አትያዝ። ንፋሱን ከመነሳትህ በፊት ጎማው ሳይሞቅ አስለካ። ማታ ስትመለስ ደግሞ ቫልቮቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን እይልኝ።