ለቤት ሰርቨር አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል ወይስ ሌላ ልግዛ? ጥቆማ እፈልጋለሁ

ፎቶ_በፎቶ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሦስት ስልክ ፎቶ የሚጠራቀምበት፣ ማታ ማታ ደግሞ ፊልም ወደ ቴሌቪዥን የሚልክልኝ ነገር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አስቤያለሁ። «ቦታዎ ሞልቷል፣ ይክፈሉ» የሚለው መልእክት ሰልችቶኛል። እጄ ላይ ያለው ዊንዶውስ 11 አልጭንም ያለኝ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ የ10ም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። እሱን ሊኑክስ ልጫንበት? ወይስ ራስበሪ ፓይ (ትንሿን ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር)፣ ኤን100 የሚባል ፕሮሰሰር ያለው ሚኒ ፒሲ፣ ወይም ዝግጁ ናስ (ዲስክ የሚገባበት የኔትወርክ ማከማቻ ሣጥን) ልግዛ? የሞከራችሁ ብቻ ንገሩኝ።

ቀይ_ነጥብ፦ ቲንክፓድ ግዛ። አለቀ።

ሶኬት_ቆጣሪ፦ ወንድሜ፣ ያለህን ላፕቶፕ አትጣለው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሴቲንጉን ቀይረው፣ በቃ። ግን ቀን ከሌት ቻርጅ ላይ የሚውል ባትሪ ያብጣል። የእኔ ታችፓድ አልጫን ሲለኝ ተበላሸ ብዬ ነበር። ስፈታው ለካ ባትሪው እንደ ትራስ ተነፍቶ ከሥር እየገፋው ኖሯል! ላፕቶፕህ የሚፈቅድ ከሆነ ቻርጁ 80 ፐርሰንት ላይ እንዲቆም አድርገው። የመብራቱን ነገር ደግሞ አስላው፦ ሳይጠፋ 10 ዋት የሚበላ ዕቃ በዓመት 88 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ 60 ዋት የሚበላ አሮጌ ዴስክቶፕ ግን 525 ይደርሳል።

ሲጢጥ፦ እናንተ ኮምፒውተሩን ትመርጣላችሁ፤ እኔን የጨረሰኝ ዲስኩ ነው። «አዲስ ነው፣ እሽጉም አልተፈታም» ብሎ ሸጠልኝ። እሽጉ እውነትም አልተፈታም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሲጢጥ፣ ጠቅ፣ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ስማርቱን (ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ) ከፍቼ ሳይ 31,204 ሰዓት ሠርቷል! ሌት ተቀን ቢበራ እንኳ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ነው። ይዤለት ስሄድ «ፎርማት አድርገው» አለኝ። የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ እዚያ ላይ ነበር። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፋይል አይከፈትም።

ደንበኛ_ነኝ፦ ከማታውቀው ሰው ስለገዛህ ነው። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰው ነው የምገዛው፣ አንድም ቀን አሮጌ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ሲጢጥ፦ የሠራበትን ሰዓት ከፍተህ አይተህ ታውቃለህ?

ደንበኛ_ነኝ፦ ለምን አያለሁ? ሰውዬውን አውቀዋለሁ።

ጠርዝ፦ ልክ ነው፣ ስማርት የተሠራው ሻጩን ለማያውቁ ሰዎች ነው።

ደንበኛ_ነኝ፦ አሽሙሩን ተወው። ባለፈው ዓመት አንዱ ዲስክ ሲሞትብኝ እንኳ ያለ ምንም ጥያቄ ቀይሮልኛል።

ጠርዝ፦ አሁን «አንድም ቀን» አላልክም?

ገመድ_አልባ፦ ዲስክ ካነሳችሁ አይቀር፣ 4 ቴራ ብዬ የገዛሁት 3.63 ነው የሚለኝ። እኔም ተበልቻለሁ?

ሌሊት_ሠሪ፦ አልተበላህም። አምራቹ በ1,000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024፤ ልዩነቱ ያ ነው። ለሲጢጥና ለሌሎቻችሁ፦ ዲስክ በገዛችሁ ቀን፣ ገና ፋይል ሳትጭኑበት፣ ስማርቱን የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎን ክፈቱ፤ ሊኑክስ ላይ ስማርትሲቲኤል አለ። የሠራበት ሰዓት ከዜሮ እምብዛም መራቅ የለበትም፤ የተተኩ ሴክተሮች (ተበላሽተው የተለወጡ የዲስኩ ክፍሎች) የሚለውም ዜሮ ይሁን። ዜሮ ነው ብላችሁ ግን አትተኙ። በ2025 መጀመሪያ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች ሰዓታቸው ተሰርዞ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል፤ የተነቃባቸውም ፋርም በሚባለው ሌላ መዝገብ ነው። ስለዚህ መለያ ቁጥሩንም አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ የዋስትናውን ቀን እዩ። ከዚያ ዲስኩን ሙሉውን የሚፈትሸውን ረጅሙን ፈተና አስጀምሩ፤ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ ግን በሳምንቱ ከመላቀስ ይሻላል።

ካርትሪጅ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና የእኔ ችግር ፕሪንተር ነው። ጥቁር ጽሑፍ ብቻ አትም ስለው ሰማያዊ ቀለም አልቋል ብሎ እምቢ ይለኛል። መፍትሔ ያለው አለ?

ጠርዝ፦ ደንበኛ_ነኝ የሚያውቀው ሰው ይኖራል።

ፎቶ_በፎቶ፦ በመጀመሪያ ሶኬት_ቆጣሪ፣ እህትህ ነኝ 🙂 ስለ ባትሪው አመሰግናለሁ፤ ገልብጬ ሳየው እውነትም ጠርዙ ትንሽ ከፈት ብሏል። ለሌሎቻችሁ፦ ዲስክ አለኝ፤ የጠየቅኩት ስለ ኮምፒውተሩ ነው።

ቀይ_ነጥብ፦ እሺ፣ ቲንክፓድ ግዢ።

ሌሊት_ሠሪ፦ እህቴ፣ ጠርዙ ከከፈተ ቻርጀሩን ዛሬውኑ ንቀይው። ባትሪውን በሹል ነገር አትነካኪው፤ ከተበሳ ይቀጣጠላል። እሱ ከወጣ በኋላ ብዙ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሠራሉ፤ ዩፒኤስነቱ ግን ይቀራል። አራቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። ፓይ ላይ መጀመሪያ የሞተብኝ ሜሞሪ ካርዱ ነው። ፓይ 5ን ደግሞ ባገኘሁት የስልክ ቻርጀር አስነስቼ ዲስኩ እየተቆራረጠ ሳምንት አንገላታኝ። ለካ ባለ 5 አምፔር ካልሆነ ለዩኤስቢ የሚሰጠውን ኃይል ይቀንሳል። ናሱ ድካም የለውም፣ ለእናቴ ያስገባሁላት እሱን ነው፤ ለገንዘቡ ግን ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው። ለአንቺ ፊልም ስላለበት ኤን100 ይሻልሻል፤ ቴሌቪዥንሽ የማይከፍተውን ቪዲዮ ጄሊፊን የሚባለው የፊልም ፕሮግራም እዚያ ላይ ሳይንተፋተፍ ይቀይርልሻል። ለፎቶው ኢሚች የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚ። ከውጭ ሆነሽ ማየት ካማረሽ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ግቢ እንጂ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚያስገባ በር) አትክፈቺ፤ በ2022 መጀመሪያ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዴድቦልት የሚባል ቫይረስ የቆለፋቸው፣ ኪውናፕ የሚባለው ድርጅት ናሶች ለኢንተርኔት ተጋልጠው የነበሩ ናቸው።

ሲጢጥ፦ ሁለት ዲስክ በሬይድ (ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቅጂ እንዲጻፍ) አድርጊ በላት እንጂ። እኔ ሬይድ ቢኖረኝ ኖሮ...

ሌሊት_ሠሪ፦ ሬይድ ዲስክ ሲሞት ነው የሚያድነው። ፎቶውን በስህተት ካጠፋሽው ከሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋል። አንድ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ደንበኛ_ነኝ፦ ሚኒ ፒሲም የእኔ ሰው ጋ አለ። የምትፈልጊ ከሆነ በውስጥ ጻፊልኝ።

ፎቶ_በፎቶ፦ ሌሊት_ሠሪ፣ ባልከው መሠረት የዲስኩን ረጅም ፈተና ማታ አስጀምሬው ተኛሁ። «10 ፐርሰንት ቀርቷል» እንዳለ ሁለት ሰዓት ሆነው። ልጠብቅ?

ሌሊት_ሠሪ፦ ጠብቂ። የሚቆጥረው በ10 በ10 እየዘለለ ነው፤ ተሰቅሎ አይደለም።

ካርትሪጅ፦ የእኔስ ፕሪንተር?