ከረሜላ ነው ወይስ መጽሐፍ?

(የጅማ የንባብ ምሽት ተሳታፊዎች ወግ። ሂርማታና ቆጪ የጅማ ሰፈሮች ናቸው፤ አጋሮ በጅማ አቅራቢያ ያለች ከተማ ናት።)

የሂርማታዋ፦ ቅዳሜ በንባብ ምሽታችን የተባለው ነገር እስካሁን አልወጣልኝም። ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞረው፣ ስለ ቡና ለቃሚዋና ስለ ሹፌሩ የፍቅር ልብ ወለድ እያወራን ነበር። አንድ ሰው ተነስቶ «ይሄ ከረሜላ ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ወሬውም እዚያው ተቀጨ። እኔ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ማንም አይሞትበትም፣ ማንም አይከዳበትም። ሁለት ሰዎች ቀስ እያሉ ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉ። ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው ነውር የሆነው?

መምህሩ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። አሁንም እላለሁ። ገና ሲጀምር መጨረሻው ይታወቃል። እናትየው እሺ ትላለች፣ ገንዘቡ ይገኛል፣ ዝናቡ እንኳን በተፈለገበት ሰዓት ይዘንባል። እኛ ያደግነው በፍቅር እስከ መቃብር ነው። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ይኸው እስከ ዛሬ ያስለቅሳል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተጋብተው ቢሆን ማን ያስታውሳቸው ነበር?

የሂርማታዋ፦ ጋሼ፣ እኔም አልቅሼበታለሁ። ግን ሁለቱን የለያያቸው የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢትና የዘር ቆጠራው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያንን ሥርዓት ነው ያሳዩን። «ያላስለቀሰ ፍቅር ፍቅር አይደለም» መች አሉ?

የቆጪዋ፦ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በምን ያልቃል? ጦቢያን ማለቴ ነው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመውን። በሰርግ ነው የሚያልቀው! ስለዚህ ሰርግ ከውጭ ፊልም የመጣብን ነገር አይደለም።

መምህሩ፦ ጦቢያ ውስጥ ጦርነት አለ። አባት ይማረካል፤ ልጅቷ ወንድ መስላ አገር ላገር ትንከራተታለች። ያ ሰርግ በመከራ የተገኘ ነው። እኔ ሰርግ አልጠላም። በነጻ የተገኘ ሰርግ ነው የማልወደው። ከረሜላ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ አፍ ላይ ይሟሟል፣ ሆድ አይደርስም።

የሂርማታዋ፦ በነጻ? ልጅቷ ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ስትለቅም ትውላለች። ማታ ነጠላዋን ስታጣፋ የሻከረው ጣቷ ጥለቱን እየያዘ ክሩን ይስበዋል። ሹፌሩ ይሄን ያያል። ምንም አይልም። በማግስቱ ቫዝሊን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከምትቀመጥበት በርጩማ ሥር አስቀምጦላት ይሄዳል። እናቴ ቡና ለቃሚ ነበረች። ያንን እጅ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ፀጉሬን ስትሠራኝ ይቧጥጠኝ ነበር። መጽሐፍ ውስጥ ግን አግኝቼው አላውቅም ነበር። ይሄ ነው ከረሜላው?

የአጋሮው፦ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። በሐምሌ ቀይ ቡና ከዛፉ ይለቀማል እንዴ? ሁለቱ የተያዩበት ትልቁ ቦታ እኮ ነው! በሐምሌ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። እኛ ጋ እሸቱ የሚደርሰው መስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ዋናው ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው።

የቆጪዋ፦ ደራሲዋ ዝናቡን ፈልጋ ይሆናላ። በዝናብ እንዲጠለሉ።

የአጋሮው፦ ዝናብ ከፈለገች በመጋቢት ታድርገው። ያኔ ዝናቡ ሲነካው ቡናው ያብባል። ጫካው ነጭ በነጭ ይሆናል፣ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል። ለፍቅር ከዚህ የበለጠ ምን አለ? አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ቡና ሥር ነው። ስለ እኛ ሲጻፍ ወሩን እንኳን ያስተካክሉልን።

መምህሩ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ደስ ለማሰኘት ብላ ወቅቱን ቀየረችው።

የአጋሮው፦ ኧረ መምህር፣ እኔ ከእርስዎ ጋር አይደለሁም። መጽሐፉን ወድጄዋለሁ። ሐምሌው ይስተካከል ነው ያልኩት።

ነርሷ፦ እኔ ያነበብኩት በአዳር ተራዬ ነው። ሌሊቱን የሰው ጭንቅ ስሰማ አድራለሁ። ገጹን ስገልጥ «አሁን ደግሞ ማን ሊሞት ነው» ብዬ የማልፈራበት መጽሐፍ ያስፈልገኛል። ከረሜላ ካላችሁትም ይሁን። ሕፃን መርፌ ከተወጋ በኋላ ከረሜላ እንሰጠው የለ?

የሂርማታዋ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ማባበያ ነው ካልን ለመምህር ነገሩን ለቀቅንላቸው ማለት ነው። ሹፌሩ ያንን እጅ ማየቱ ማባበያ አይደለም። ስንት ባል ያላየው ነገር ነው።

ነርሷ፦ ማባበያን አትናቂያት። አንቺ ሌሊት አላደርሽም።

መምህሩ፦ እውነቱን ልናገርና፣ የቫዝሊኑን ቦታ አላስታውሰውም። መጨረሻውን ስላወቅሁት መሐሉን በችኮላ ነው የገለጥኩት።

የሂርማታዋ፦ ጋሼ! ታዲያ ሳያነቡት ነው ሰው ፊት ከረሜላ ያሉት?

መምህሩ፦ አንብቤዋለሁ አልኩሽ። ዘልዬ ያለፍኩት ይኖራል። አሁን መጽሐፉ ማን ጋ ነው?

የቆጪዋ፦ እኔ ጋ ነው። እስከ ረቡዕ አልጨርሰውም፤ ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ሰው ይጠብቃል።

የአጋሮው፦ ለመምህር ሲደርሳቸው ሐምሌ የሚለውን በእርሳስ ያስምሩበት።