የሰባት ሰው አስቤዛ፦ ጎንደር ላይ ነጥብ የሚሰጥ መደብር አለ ወይስ ሌላ መላ?

ጥያቄ፦ ከማራኪ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኞች ስንሆን፣ ከአራት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ሰባት ሆነን እንኖራለን። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ዕቃ በገዛች ቁጥር ሱፐርማርኬቱ በስልክ ቁጥሯ ነጥብ እንደሚመዘግብላትና ነጥቡ ሲጠራቀም ከሒሳቧ ላይ እንደሚቀነስላት ስለነገረችኝ፣ እኔም ፒያሳ አካባቢ ያሉ ሦስት መደብሮችን ጠየቅሁ። ሁለቱ እንዲህ ያለ አሠራር የለንም አሉኝ። የሦስተኛው በር ላይ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ስላየሁ አንድ ካርቶን ፓስታ ገዝቼ ወደ ቤት ገባሁ፤ እናቴ መነጽሯን አድርጋ እሽጉን ስታገላብጥ ግን የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ 19 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፓስታ በላን። ደመወዛችን ከወሩ 22ኛ ቀን አልዘልቅ ብሎናልና፣ እናንተ የቤታችሁን ወጪ በምን መላ እንደምትይዙት ብትነግሩኝ ውለታ አለብኝ።

መልስ፦ ከአራዳ

እህቴ፣ የሚፈልጉት የነጥብ ካርድ በቀበሌዎ ሳይኖር አይቀርም፤ ስሙ ሌላ ስለሆነ ነው ያላወቁት። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማህበር አባል ነዎት? በኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ማህበሩ ካገኘው ትርፍ ላይ የመጠባበቂያው ተነሥቶ፣ ለአባላት የሚከፋፈለው ባላቸው ዕጣ (በማህበሩ ውስጥ በያዙት የገንዘብ ድርሻ) ብቻ ሳይሆን በማህበሩ በኩል በፈጸሙት ግዢ መጠን ጭምር ነው። ስለዚህ ብዙ የገዛ አባል ብዙ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ የእህትዎ ሱፐርማርኬት ነጥብ የሚለውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ እርስዎ የሱቁ ደንበኛ ብቻ ሳይሆኑ ባለቤትም መሆንዎ ነው። ነገር ግን ግዢዎ በስምዎ ካልተመዘገበ ማን ምን ያህል እንደገዛ የሚታወቅበት መንገድ ስለሌለ፣ ደረሰኙ ላይ የአባልነት ቁጥርዎ እንዲጻፍ ሳይታክቱ ይጠይቁ። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል ልጅ እየላክሁ በስሜ ሳላስመዘግብ ስገዛ ኖሬ፣ ክፍፍሉ ሲመጣ የደረሰኝ የዕጣዬ ብቻ ነበር። ሁሉም ነገር እዚያ ይረክሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ሲገባ ያዋጣል፣ ሳሙናና የልጆች ብስኩት ግን ከመንደር ሱቅ ጋር ተወዳድሮ ቢገዛ ይሻላል።

መልስ፦ ከአዘዞ፣ የሒሳብ ሠራተኛ

ቅናሽ የሚለውን ቃል ከማመን በፊት የአንዱን ሊትር ወይም የአንዱን ኪሎ ዋጋ ማስላት ይገባል። ለስሌት ያህል፣ ባለ 3 ሊትር ዘይት 1,050 ብር፣ ባለ 5 ሊትሩ ደግሞ «በቅናሽ» 1,800 ብር ቢባል፣ ትንሹ በሊትር 350 ብር ሲወጣ ትልቁ 360 ብር ይሆናል፤ ትልቁ ጀሪካን ሁልጊዜ ይረክሳል የሚለው ልማዳችን እዚህ ላይ ያሳስተናል። የነጥብም ነገር እንዲሁ ነው፦ ከመቶ ብር አንድ ብር የሚመልስ መደብር 3,000 ብር ላወጣ ሰው የሚመልሰው 30 ብር ነው፤ ነጥቡን ለመሙላት ሲባል ያልታሰበ የ200 ብር ዕቃ ከተጨመረ ትርፉ የመደብሩ ነው። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚያስገድደው፣ የቀድሞውን ዋጋ ለማወዳደር የቆዩ ደረሰኞችን አለመጣል ይጠቅማል። እኔ በሽሮ ጣሳ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው፤ ባለቤቴ እስካሁን አልወደደችውም።

መልስ፦ በቅዳሜ ገበያ እህል ይነግዱ ከነበሩ አባት

ልጄ፣ ትልቁ ቅናሽ ያለው ወረቀት ላይ ሳይሆን በወራቱ ውስጥ ነው። ጤፍ ኅዳር ላይ ገና ከአውድማ እንደወጣ እርጥበት ስላለው፣ ኩንታሉ ሲመዘን ከውሃው ጋር ነው የምትገዢው፤ ጥር ወይም የካቲት ላይ ደርቆ፣ ገበሬውም በብዛት እያወጣ ሳለ ብትገዢ ከክረምቱ መወደድ ታመልጫለሽ። ጤፍ አይነቅዝም፤ ከእርጥበትና ከአይጥ ከተጠበቀ ዓመት ይቀመጣል። ሽምብራን ግን ነቀዝ ስለሚገባበት፣ ከደምቢያ ሲመጣ ረከሰ ብለሽ ያለ ልክ አታከማቺ። ቅቤ የሚወደደው ለገናና ለፋሲካ ዋዜማ ነው፤ ሁዳዴ ገብቶ ጾመኛው ሲተወው ገዝታ፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራ የምታስቀምጥ ሴት ለፋሲካ ገበያ አትሯሯጥም። ዛላ በርበሬ ስትገዢ ደግሞ ከማዳበሪያው መሃል እፍኝ አውጥተሽ ጨበጥ አድርጊው፦ ካልተንኮሻኮሸና እጅሽ ላይ እንደ ቆዳ ከተለመጠ ክብደት እንዲያነሣ ውሃ ተረጭቶበታል። ከላይ ያለው ሁልጊዜ ደረቅ ነውና ከላይ በታየው ብቻ አትግዢ።

ጥያቄ፦ ከማራኪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ፣ ምክርዎ ልክ ነው፤ ነገር ግን ደመወዝ በየወሩ ቁርጥራጭ ሆኖ ስለሚያልቅ፣ አንድ ኩንታል በአንድ ጊዜ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ከአራዳ

እኛ መሥሪያ ቤት ስምንት ሴቶች የጤፍ ዕቁብ አለን። ከሰኔ እስከ ጥር በየወሩ እኩል እናዋጣለን፤ ዕጣ አናወጣም፣ ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥና ጥር ላይ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ ይገዛል። ስምንት ኩንታል ከአንድ ሰው ስለምንገዛ ዋጋውን እንከራከራለን፤ ማጓጓዣውንም ለስምንት እንካፈለዋለን። ሙሉ ኩንታል የሚከብዳት ከጎረቤቷ ጋር ለሁለት ትገባለች። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ጤፉን ከመቀበልዎ በፊት ከየማዳበሪያው ግርጌ ጥቂት አውጥተው በሰፌድ ያንጓሉት፤ ባለፈው ዓመት ከአንዱ ማዳበሪያ ሥር ሁለት ኪሎ የሚጠጋ አፈር አግኝተን፣ ነጋዴው ሳንለቀው እዚያው ስለያዝነው ነው የተካልን።