አሳማ የማይበላና የሚጾም ሰው የኩባ ምግብ ቤት ገብቶ ምን ይዘዝ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዓርብ ማታ ማያሚ፣ ካዬ ኦቾ ላይ ባል፣ ሚስትና ልጆች አብረው የሚሠሩበት ኩባ ምግብ ቤት ስድስት ሆነን ልንገባ ነው። አሳማ ማናችንም አንበላም፤ ሁለቱ ደግሞ ጿሚዎች ናቸው። ሩዝና ጥቁር ቦሎቄ ካለ ይበቃቸዋል? ሌሎቻችንስ ምን እንዘዝ?

መልስ 1፦
እንዲያውም ዋናው ወጥመድ ቦሎቄው ነው። ፍሪሆሌስ ኔግሮስ የሚባለው ጥቁር ቦሎቄ ብዙ ቤት የሚቀቀለው ከተጨሰ የአሳማ አጥንት ጋር ነው። ሩዙና ቦሎቄው አብሮ የሚበስለው ሞሮስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው አሳማ አቅልጦ፣ በዚያ ስብ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ በማቁላላት ነው። ሥጋው ተለቅሞ ቢወጣ እንኳ ስቡ መረቁ ውስጥ ቀርቷል፤ ስለዚህ «ሥጋውን እናወጣላችኋለን» ቢሏችሁ አትቀበሉ።

«ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ብላችሁም አትዘዙ። ካርኔ ሲባል ብዙ ኩባዊ የሚያስበው የበሬ ሥጋ ነው፤ ሃም (የአሳማ ሥጋ) ገብቶበት ሊመጣላችሁ ይችላል። በስሙ ጠይቁ፦ «ሎስ ፍሪሆሌስ ዬቫን ፑዌርኮ፣ ሃሞን ኦ ማንቴካ?» (ቦሎቄው አሳማ፣ ሃም ወይም ሞራ አለበት?) ማንቴካ የአሳማ ሞራ ነው፣ ማንቴኪያ ደግሞ ቅቤ። ድምፃቸው ስለሚቀራረብ ጿሚዎቹ ሁለቱንም ለየብቻ ይጠይቁ።

መልስ 2፦
ለጿሚዎቹ እኔ የምመርጠው ዩካ ኮን ሞሆ ነው። ካሳቫው እስኪፈረካከስ ተቀቅሎ ነጭ ሽንኩርት፣ የመራራ ብርቱካን ጭማቂና የጋለ ዘይት ይፈስበታል። ዘይቱ የወይራ ወይም የአትክልት መሆኑን አረጋግጡ፤ በሞራ የሚሠሩም አሉ። ከጎኑ ነጭ ሩዝ (እሱም በሞራ ወይም በዶሮ መረቅ አለመሠራቱን ጠይቁ) እና አቮካዶ በቀይ ሽንኩርት።

ቶስቶኔስም ጥሩ ነው። ጥሬው አረንጓዴ ፕላታኖ (በስሎ የሚበላ የሙዝ ዓይነት) ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ተቆርጦ ለስለስ እስኪል ይጠበሳል፣ ይወጣና ይደፈጠጣል፣ ከዚያ በጋለ ዘይት ዳግመኛ ይጠበሳል። ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ ሲነከስ «ቀጭ» ማለት አለበት። ከቀዘቀዘ እንደ ቆዳ ስለሚጠነክር እንደመጣ ብሉት። ችግሩ መጥበሻው ነው፦ ትንሽ ኩሽና ብዙ ጊዜ ያለው አንድ የዘይት መጥበሻ ስለሆነ አሳማውም የሃም ክሮኬታውም (ተድቦልቡሎ የሚጠበሰው) እዚያው ይገባሉ።

ዳቦውን ግን ይተዉት። ባህላዊው የኩባ ዳቦ ሊጡ ውስጥ ሞራ አለው፣ ሲቀርብም ቅቤ ይቀባል።

መልስ 3፦
ለአራታችሁ ሁለት ሮፓ ቪኤሃና አንድ ባካ ፍሪታ ይበቃል፤ ሳህኑ ትልቅ ነው፣ ሩዝና የበሰለ ጣፋጭ ፕላታኖም አብሮት ይመጣል። ሮፓ ቪኤሃ ተቀቅሎ በእጅ የተሰነጣጠቀ የበሬ ሥጋ በቲማቲም ስጎ ነው። ባካ ፍሪታ ያንኑ ሥጋ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሽቶ ዳሩ እስኪደርቅ መጥበስ ነው፤ ጥብስ ለለመደ ሰው እሱ ይቀርበዋል። ፒካዲዮ የተፈጨ ሥጋ ስለሆነ አሳማ ወይም ቾሪሶ (የአሳማ ቋሊማ) እንዳልተቀላቀለበት ጠይቁ። ኩባኖ የሚባለውን ሳንድዊች እርሱት፤ ሃምም የተጠበሰ አሳማም አለበት።

ቡናውን እንዳታልፉት። ኮላዳ እዘዙ፦ አንድ ኩባያ ጠንካራ ቡና ከጥቃቅን የፕላስቲክ ስኒዎች ጋር ይመጣል፣ ተቀድቶ ለሁሉም ይዳረሳል። ከላይ ያለው ነጣ ያለ አረፋ ወተት አይደለም፤ መጀመሪያ የወረዱት የቡና ጠብታዎች ከስኳር ጋር ተመትተው ነው፣ ስለዚህ ለጿሚም ይሆናል። ኮርታዲቶ ግን ወተት አለው።

ቲፕ ከመጨመራችሁ በፊት ቢሉን አንብቡ። ማያሚ ውስጥ ብዙ ቤት የአገልግሎት ክፍያ ቀድሞ ይደምራል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቦሎቄውን ያለ አሳማ ለብቻ እንዲሠሩልን መጠየቅ ነውር ይሆን?

መልስ 1፦
ምንም ነውር የለውም፣ ግን ዓርብ ማታ ገብታችሁ አትጠይቁ። ቦሎቄው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ጠዋት ስለሚጣድ የማታው ድስት ያኔ አልቆለታል። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከምሳው ግርግር በኋላ ደውሉ። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ለስድስት ሰው በቂ ነው። በወይራ ዘይት ተቁላልቶ፣ ከሙንና ኦሬጋኖ ገብቶበት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ አቼቶ እንዲጨምሩበት ንገሯቸው። አቼቶው ቀድሞ ከገባ ቦሎቄው አልበስል ይላል፤ እነሱም ያውቁታል።