ፖስትዶክ ወይስ የፖሊሲ ፌሎውሺፕ? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ

እንቁራሪት ቆጣሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒኤችዲዬን ጨርሻለሁ፤ ሁለት ዕድል አንድ ላይ መጣብኝ። አንዱ የሁለት ዓመት ፖስትዶክ ነው፤ ከፒኤችዲ በኋላ የሚሠራ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ። እዚያው የለመድኩት ላብራቶሪ፣ እዚያው የለመድኳቸው እንቁራሪቶች። ሌላው የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ሳይንስን ከፖሊሲ ጋር የሚያገናኝ የአንድ ዓመት ፌሎውሺፕ ነው። ከወንዝ ውኃ ለመጥለፍ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያስቀምጡኛል።

ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል። አምስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ባትሪ ይዤ ጅረት ዳር ስንበረከክ ኖርኩ። ያሳተምኳቸውን ሦስት ጽሑፎች ያነበበው ሰው ቢበዛ እንደኔው ጭቃ በጭቃ የሆነ ነው። ጅረቱ ግን ባለፈው በጋ ደረቀ። ፈቃዱን የፈረመው ሰው ስለ እንቁራሪቶቹ የሰማም አይመስለኝም።

አማካሪዬ "ከወጣሽ አትመለሺም" አለኝ። እውነት ነው? ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ማሳተም ይቻላል? ሳይንቲስት መሆኔ ቀርቶ ተሟጋች ሆኜ እቀር ይሆን? አንድ የሚያሳፍር ነገርም ልጨምር፦ ስብሰባ ላይ የፖሊሲ ወሬ ሲጀመር እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጥንብ አንሳው

በስሜ አትሳቁ፤ አሞራ ሳጠና ነው የኖርኩት።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ፌሎውሺፕ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከዩኒቨርሲቲ አውጥቶ ቢሮ ያስቀምጥሻል። አሜሪካኖች በዚህ ቆይተዋል። ትሪፕል ኤ ኤስ የሚባለው የሳይንስ ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ሳይንቲስት ወደ ኮንግረስ ይልካል። ለባሕርና ለታላላቅ ሐይቆች ጉዳይ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ የክናውስ ፌሎውሺፕ አለ። ሌላው ዓይነት እንደ ስሚዝ ፌሎውሺፕ ነው፤ ምርምርሽን አትተዪም፣ ግን ከዩኒቨርሲቲው አማካሪ ሌላ በጥበቃ ሥራ ላይ ያለ ሁለተኛ አማካሪ ይኖርሻል። ያንቺ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። እኔም ያለፍኩት በዚያው ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

በሁለተኛው ሳምንቴ 14 ገጽ ጻፍኩ። ግሩም ነበር፣ ለራሴ። ኃላፊዬ መለሰችልኝ። ከላይ በእስክርቢቶ "ሐሙስ ምን ልበል?" ብላ ጽፋበታለች። ሌላ አስተያየት የለም። ለካ ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ተወስኖ ያድራል። እኔ ማን መቼ እንደሚወስን እንኳ ሳልጠይቅ ነበር የጻፍኩት። በማግስቱ አንድ ገጽ አደረግኩት። ምን ይደረግ፣ ማን ይቆጣል፣ ምን ያህል እርግጠኞች ነን፤ በቃ። 14ቱን ገጽ ከኋላ አያያዝኩት። የከፈተው ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

እዚያ ከገባሁ በኋላ የራሴን ዘርፍ ታሪክ ራሱ በሌላ ዓይን አየሁት። በደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች በገፍ አለቁ። ነጭ ጀርባ ያለው ዝርያ ሕንድ ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2004 ምክንያቱ ታተመ፤ ለከብት የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ነው። ወፉ የታከመውን ከብት ሬሳ ሲበላ ኩላሊቱ ይበላሻል። በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት የሚሆነውን አገዱ። ሁለት ዓመት ብቻ! እኛ ይህን ስንተርክ ሁልጊዜ ግኝቱ ላይ እናቆማለን። ነገር ግን በዚያው በ2006 ሜሎክሲካም የሚባለው ሌላ መድኃኒት ወፎቹን እንደማይጎዳ ታይቶ ነበር። የከብት ሐኪሙን "ያንን ተው" ብቻ አላሉትም፤ "ይህን ውሰድ" የሚሉት ነገር በእጃቸው ነበር።

እዚያም ላይ አላበቃም። ለሰው የተሠራው ዳይክሎፌናክ በትልልቅ ብልቃጥ ይሸጥ ስለነበር ወደ ከብቱ ሾለከ። በ2015 ሕንድ የሰውኛው ብልቃጥ ከ3 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ወሰነች። የብልቃጥ መጠን! ማን ነው ፒኤችዲውን በብልቃጥ መጠን ላይ የሚጽፈው? ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው ግን እንዲህ ያለውን ነው። ረቂቅ ማንበብ፣ "ይህን የሚያውቅ ማን አለ?" ሲባል ስልክ መምታት፣ ቀዳዳው የት እንደሆነ መፈለግ።

ማሳተም፦ በዓመቱ አንድ ብቻ አሳተምኩ፤ በድሮ መረጃ፣ ቅዳሜና እሁድ። መመለስ፦ ተመልሻለሁ፣ ያውም የተሻለ ጥያቄ ይዤ። አብረውኝ ከነበሩት ግን ግማሾቹ ቀሩ። ስለዚህ አማካሪሽ ጨርሶ አልተሳሳተም። እንቅልፉን አታስቢ፤ የራስሽ ጅረት ሲነሳ አትተኚም።

ቃለ ጉባኤ ያዢ

ወንድማችን ዕድለኛ ነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ የሠራሁት ስሜ ላይ እንደምታዩት ነው። ወፍራም ስም ያለው ፌሎውሺፕ ነበር፤ የተመደብኩበት ክፍል ግን ምን እንደሚያደርገኝ አያውቅም። ያመጣኝ ኃላፊ በሁለተኛው ወር ተዛወረ። ተተኪው "አንተ የማን ነህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ የአዳራሽ ቀጠሮ፣ የስላይድ ማስተካከል፣ ቃለ ጉባኤ። ሻይም አፍልቻለሁ፣ ልደብቃችሁ አልችልም።

ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። በዚህ ዓመት እዚያ ክፍል የሚወሰነው ውሳኔ የትኛው ነው? ስሙን ይጥሩልሽ። "በልዩ ልዩ ጉዳዮች ትሳተፊያለሽ" ካሉሽ ቃለ ጉባኤ ነው። ኃላፊዋ ብትቀየር ማን ይረከብሻል? ጽሑፍሽን ከማሳተምሽ በፊት ማን ያየዋል፣ በስንት ቀን ይመልሳል? የኔን ሰባት ወር አስቀምጠውብኛል። ደግሞ ካንቺ በፊት እዚያው ወንበር ላይ የነበረውን ሰው ፈልገሽ አናግሪ። ፕሮግራሙ የሚመርጥልሽን የሚያመሰግን ሰው ሳይሆን፣ ያንኑ ወንበር።

አርቃቂ

እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ነኝ፤ ሕግ አርቃቂ። ከፌሎዎች ጋር ሠርቻለሁ። የምንፈልጋችሁ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

"መሥሪያ ቤቱ የጅረቱን ዝቅተኛ ፍሰት ሊያስጠብቅ ይችላል" እና "ማስጠበቅ አለበት" የሚሉት ለሳይንቲስት አንድ ናቸው። ለኔ ግን በ"ይችላል" ምክንያት ጅረቱ ሲደርቅ ማንም አይጠየቅም። አጠገቤ አንድ እንቁራሪት የሚያውቅ ሰው ቢኖር ደግሞ "ዝቅተኛ ሲባል በየትኛው ወር?" ይለኝ ነበር። የዓመት አማካይ ጽፌ የእርባታውን ወር ላደርቀው እችላለሁና።

ሌላው ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ስትሰጡን አንዱን ብቻ ነው የምንይዘው። በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1992 በፊት የሰሜኑ ኮድ ዓሣ ከእውነተኛ ብዛቱ በላይ ይገመት ነበር፤ የማስገር ኮታውም በዚያ ላይ ተሠራ። በዚያ ዓመት ማስገሩ ሲታገድ 30,000 ገደማ ሰው ሥራ አጣ። ግምቱ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት።

ተሟጋችነትን ጠይቀሻል። "ይህን ያህል ውኃ ከተጠለፈ እንቁላሉ ይደርቃል" ማለት ሥራሽ ነው። "ስለዚህ አትጥለፉ" የምትዪው ግን የራስሽ ፍርድ ነው፣ ስትጠየቂ በዪው። ብቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር አትቀይጫቸው፤ ተቃራኒው ወገን መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው።

እንቁራሪት ቆጣሪዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የቃለ ጉባኤ ያዢን ጥያቄዎች እንዳሉ ገልብጬ ላክኋቸው። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። በዚህ ዓመት የሚከለሰው የአነስተኛ ጅረቶች ፈቃድ መመሪያ ነው! ጽሑፍ የሚታየው በ30 ቀን ውስጥ ነው አሉ፣ በጽሑፍ። ኃላፊዋ ብትቀየር ማን እንደሚረከበኝ ግን ዝም ብለውታል። ከኔ በፊት የነበረችውን አገኘኋት፤ "ወንበሩ ይወዛወዛል፣ ሥራው ደህና ነው" አለችኝ።

ልሄድ ነው መሰለኝ። የቀረኝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሉት 212 ናሙናዎች ናቸው። ለአማካሪዬ አዲስ ተማሪ ልስጣቸው ወይስ ይጠብቁኝ?

ጥንብ አንሳው

ስጪ። ማቀዝቀዣ ይበላሻል። ግን ከናሙናዎቹ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ የደራሲዎቹን ስም ቅደም ተከተል አሁኑኑ በኢሜይል ተስማሙ፤ እኔ በቃል ተስማምቼ አምስተኛ ሆኜ ወጣሁ።